ከመጽሔት ገጽ እስከ ዩቲዩብ ትረካ፦ ፍሪላንስ ጸሐፊ የሚሸጠው ምንድን ነው?

አንድ ጽሑፍ ቅዳሜ መጽሔት ላይ ይወጣል። እሑድ ገጹ በስልክ ካሜራ ተነስቶ ቴሌግራም ላይ ይለቀቃል። ረቡዕ ደግሞ አንዱ ከሥሩ የዋሽንት ድምፅ አስገብቶ ዩቲዩብ ላይ ይተርከዋል፤ የጸሐፊው ስም ከተነሳም መጨረሻ ላይ ነው። አንድ ጽሑፍ ሦስት ቦታ ሰው ሰበሰበ። ጸሐፊው ግን የሚከፈለው አንዴ ነው፤ እሱም መጽሔቱ ከከፈለው።

ብዙ ሰው ይህን «ዘመኑ ያመጣው ነው» ብሎ ያልፈዋል። ገንዘቡ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ፣ ሕጉም ማንን ባለቤት እንደሚያደርግ ላየ ሰው ግን ነገሩ ያን ያህል ምስጢር አይደለም።

ፍሪላንስ ማለት ምን ማለት ነው?

በመጽሔቱ የደመወዝ መዝገብ ላይ ስሙ የሌለ፣ በሠራው ልክ የሚከፈለው ጸሐፊ ነው። እኛ ዘንድ «ተባባሪ ጸሐፊ» ወይም «አምደኛ» ይባላል፤ ሁለቱ ግን ይለያያሉ። አምደኛ የታወቀ ገጽና የታወቀ ቀን አለው። ተባባሪ ጸሐፊ ሐሳብ ሲኖረው ያቀርባል፣ ሲጠራም ይጽፋል።

ቋሚ ሠራተኛ ቢታመም ደመወዙ ይወጣል፤ ፍሪላንስ ጸሐፊ ሲታመም ገቢውም አብሮት ይተኛል። ታክሲው፣ የአየር ሰዓቱ፣ ኢንተርኔቱ ከራሱ ኪስ ነው። ሁለት ቀን ቃለ መጠይቅ፣ አንድ ቀን ጽሕፈት፣ ግማሽ ቀን እርማት የወሰደ ሥራ ክፍያው ለሦስት ቀን ተኩል ሲካፈል ብዙ ጊዜ ያስደነግጣል።

የሚከፈለው በጽሑፍ፣ በገጽ ወይም በቃል ብዛት ነው። አሜሪካ ውስጥ የተለመደው የቃል ቆጠራ ነው፤ በቃል አንድ ዶላር ለአሥርት ዓመታት «ጥሩ ዋጋ» ተብሎ እዚያው ቆሟል። የቤት ኪራይ አብሮት አልቆመም እንጂ። በቃል መከፈል ለአማርኛ ጸሐፊ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ «አልነገርኳቸውም» አንድ ቃል ነው፣ እንግሊዝኛው ለዚሁ አምስት ቃል ይፈጃል። በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው በገጽ ወይም በሥራ መዋዋል ይሻለዋል።

መጽሔት ገንዘቡን ከየት ያገኛል?

ከሁለት ቦታ፦ ከአንባቢና ከማስታወቂያ። አንባቢው የሚከፍለው ለምን እንደማይበቃ ለመረዳት ማተሚያ ቤት መግባት ያስፈልጋል።

መጽሔት አንድ በአንድ ገጽ እየተባለ አይታተምም። በትልቁ ወረቀት አንድ ፊት ላይ 8 የኤ4 ገጾች፣ በጀርባው ሌላ 8 ይታተማሉ፤ ሲታጠፍና ሲቆረጥ 16 ገጽ ይወጣዋል። ይህ አንድ ፎርም ነው። የብዙ መጽሔቶች የውስጥ ገጽ 32፣ 48 ወይም 64 የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። 48 ገጽ 3 ፎርም ነው። ባለ ሙሉ ቀለም ሥራ ከሆነ እያንዳንዱ የፎርም ፊት 4 ፕሌት፣ ማለትም የገጹ ምስል የሰፈረበት የማተሚያ ብረት ሰሌዳ፣ ይፈልጋል፤ ለሰማያዊ፣ ለማጀንታ፣ ለቢጫና ለጥቁር አንድ አንድ። 3 ፎርም በ2 ፊት በ4 ቀለም ሲባዛ 24 ፕሌት ይመጣል፣ የሽፋኑ ገና ሳይቆጠር። ማሽኑ ቀለሙን እስኪያስተካክል የሚበላሸው ወረቀትም አለ።

የፕሌቱ ዋጋ 1,000 ቅጂ ቢታተም ያው ነው፣ 10,000 ቢታተምም ያው ነው። የሚጨምረው ወረቀት፣ ቀለምና ስፌት ነው። ለስሌት እንዲመች ቁጥር እንውሰድ፤ የማንም መጽሔት ትክክለኛ ሒሳብ አይደለም። ቋሚ የኅትመት ወጪው 60,000 ብር፣ ለእያንዳንዱ ቅጂ የሚጨመረው 60 ብር ይሁን። 3,000 ቅጂ ከታተመ ጠቅላላው 240,000 ብር ነው፤ አንዱ ቅጂ 80 ብር ወጣበት ማለት ነው። የሽፋን ዋጋው 100 ብር ቢሆንና አከፋፋይና አዟሪ 30 ብሩን ቢወስዱ አሳታሚው ጋ የሚደርሰው 70 ብር ነው። ከ3,000ው 600ው ሳይሸጥ ተመላሽ ሆነ እንበል። በ2,400 ቅጂ የተሰበሰበው 168,000 ብር ይሆናል። 72,000 ብር ጎደለ፤ ቢሮ ኪራይ፣ አዘጋጅ፣ ግራፊክስ ባለሙያና ጸሐፊ ገና አልተነኩም።

ይህንን ጉድለት የሚደፍነው ማስታወቂያ ነው። በአንድ ገጽ 25,000 ብር ሒሳብ 4 ገጽ ማስታወቂያ ቢገኝ 100,000 ብር ይመጣል። ጉድለቱ ተሸፍኖ 28,000 ብር ይተርፋል፤ ከዚያች ላይ ነው ሁሉም የሚጠብቀው። ቋሚዎቹ ቢሮ ውስጥ ስላሉ ቀድመው ይደርሳቸዋል። የፍሪላንስ ጸሐፊው ክፍያ የሚዘገየው አብዛኛውን ጊዜ አሳታሚው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ከወረፋው ጅራት ላይ ስለቆመ ነው። ማስታወቂያ አስነጋሪው ድርጅትም ሒሳቡን ሁለት ሦስት ወር ዘግይቶ ይከፍላል፤ መዘግየቱ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል።

የገጹ ነገር ሌላም ያስረዳል። ኅትመት ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው ባለ ሁለት ገጽ ማስታወቂያ ቢመጣ መጽሔቱ ሁለት ገጽ ብቻ መጨመር አይችልም፤ መሀሉ በሽቦ የሚሰፋ መጽሔት ቢያንስ በ4 ገጽ ነው የሚጨምረው። ስለዚህ አንድ ጽሑፍ ይወጣል። «ለሚቀጥለው እትም አስተላልፈነዋል» የምትለዋ መልእክት የምትመጣው ከዚህ ነው። ክፍያው «ሲታተም» ተብሎ ከሆነ የተላለፈው ጽሑፉ ብቻ አይደለም።

አንባቢ እያለ መጽሔት እንዴት ይዘጋል?

የቁጥር ብዛት ሁልጊዜ አያድንም። ላይፍ የተባለው የአሜሪካ ሳምንታዊ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1972 ሲዘጋ ስርጭቱ ከ5 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ነበር። ማስታወቂያው ወደ ቴሌቪዥን ሄደ፣ የፖስታ ዋጋ ተወደደ፤ አንባቢው በበዛ ቁጥር የኅትመትና የመላኪያ ወጪው አብሮ በዛ። ናሽናል ጂኦግራፊክም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ 12 ሚሊዮን ያህል ደንበኛ ነበረው፤ በ2022 መጨረሻ ከ1.8 ሚሊዮን በታች ወርዷል። በሰኔ 2023 የቀሩትን ቋሚ ጸሐፊዎቹን አሰናበተ። ጽሑፉን የሚያዘጋጁት አሁን ፍሪላንሶችና የቀሩት አዘጋጆች ናቸው። ለፍሪላንስ ሥራ የተከፈተ በር ይመስላል፤ በሩ ላይ ግን ከሥራ የተሰናበቱትም ተሰልፈዋል፣ ሰልፉ ሲረዝም ደግሞ ዋጋው ይወርዳል።

የኢትዮጵያው ታሪክ የራሱ መንገድ አለው። የፕሬስ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 34/1985 ከወጣ በኋላ የግል ጋዜጣና መጽሔት አዲስ አበባን አጥለቅልቆ ነበር። አራት ኪሎ አካባቢ አንባቢው መጽሔቱን ገዝቶ ሳይሆን በጥቂት ሳንቲም ተከራይቶ፣ እዚያው ጥግ ይዞ ቁጭ ብሎ አንብቦ ይመልስ ነበር። አንድ ቅጂ በቀን ስንት እጅ ይዞራል፤ አሳታሚው ጋ የሚደርሰው ግን የአንድ ቅጂ ዋጋ ነው። ቴሌግራም ይህንኑ ነው ያሰፋው። ልዩነቱ የአራት ኪሎው አከራይ ቢያንስ አንዱን ቅጂ ገዝቶ መጀመሩ ነው።

ከገበያው ውጭ ያለውም ጫና ቀላል አልነበረም። በሐምሌ 2006 መጨረሻ የፍትሕ ሚኒስቴር በሎሚ፣ በእንቁ፣ በፋክት፣ በጃኖና በአዲስ ጉዳይ መጽሔቶች እንዲሁም በአፍሮ ታይምስ ጋዜጣ ላይ ክስ መመሥረቱን አስታወቀ፤ አብዛኞቹ ከዚያ በኋላ ከአዟሪው እጅ ጠፉ። ቀጥሎ የወረቀቱ ጉዳይ አለ። ወረቀትና ፕሌት በውጭ ምንዛሪ ነው የሚገባው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ከላይ ባለው ስሌት 60 ያልነውን ወደ 90 ከፍ ብናደርገው 3,000 ቅጂ 330,000 ብር ይፈጃል። አሳታሚው ወጪ ለመቀነስ 1,500 ብቻ ቢያትም ደግሞ አንዱ ቅጂ 130 ብር ይወጣበታል፣ ከሽፋን ዋጋው በላይ። ቅጂ መቀነስ የሚያቃልል የሚመስለው ፕሌቱ እስኪታሰብ ድረስ ነው።

ጽሑፉ የማን ነው?

ብዙ ጸሐፊ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጽሑፍ ለመጽሔት መስጠት ቤት እንደማከራየት ወይም ቤት እንደመሸጥ ሊሆን ይችላል፤ የሚለየው ውሉ ነው። ያከራየ ሰው «ሰርቪሷን ብቻ ነው ያከራየሁህ፣ ዋናው ቤት የኔ ነው» ማለት ይችላል። የሸጠ ሰው ግን ግቢው ውስጥ ማን ገባ ማን ወጣ አይመለከተውም።

በኢትዮጵያ ይህን የሚገዛው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። መብቱን በሁለት ይከፍለዋል። የኢኮኖሚ መብት የማባዛት፣ የመተርጎም፣ የመለወጥ፣ ለሕዝብ የማሰራጨት መብት ነው፤ ይሸጣል፣ ይከራያል። የሞራል መብት ደግሞ ሥራው የእርሱ መሆኑ እንዲነገርለት፣ በብዕር ስም እንዲወጣለት፣ ክብሩን በሚነካ መልኩ እንዳይቆራረጥ የመጠየቅ መብት ነው። ጥበቃው ሥራው እንደተፈጠረ ይጀምራል፤ መመዝገብ ግዴታ አይደለም። የሚቆየውም በጸሐፊው ዕድሜና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ነው።

አሁን ወጥመዱ። በዚሁ አዋጅ መሠረት በቅጥር ወይም በትዕዛዝ የተሠራ ሥራ የመጀመሪያ ባለመብቱ፣ በውል ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር፣ አሠሪው ወይም ሥራውን ያዘዘው ሰው ነው። ጸሐፊው ከራሱ ተነስቶ የጻፈውን ይዞ ከሄደ መብቱ የራሱ ነው፤ መጽሔቱ ፈቃድ ያገኛል እንጂ ባለቤት አይሆንም። አዘጋጁ ደውሎ «በዚህ ጉዳይ ሦስት ገጽ ጻፍልን» ካለው ግን በጽሑፍ የተያዘ ሌላ ነገር እስከሌለ ድረስ ባለቤቱ መጽሔቱ ነው ብሎ የመከራከር በር ይከፈታል። ያቺ የስልክ ጥሪ ለጸሐፊው ክብር ትመስላለች፤ በሕጉ ዓይን ግን ባለቤትነቱን ይዛ ልትሄድ ትችላለች።

አሜሪካ ውስጥ መነሻው ተቃራኒ ነው። ፍሪላንስ ጸሐፊ በጽሑፍ ፈርሞ ካልሰጠ በስተቀር መብቱ ከእርሱ አይወጣም። ጆናታን ታሲኒና አምስት ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1993 ኒውዮርክ ታይምስን፣ ኒውስደይንና ታይም ኩባንያን የከሰሱት ይህንን ይዘው ነው። አሳታሚዎቹ ለወረቀት ዕትም የተሰጣቸውን ጽሑፍ ሳያስፈቅዱ ለኤሌክትሮኒክ መዝገቦች ሰጥተው ነበር። «ጋዜጣውን በሌላ መልክ አወጣነው እንጂ አዲስ ነገር አልሠራንም» አሉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2001 በ7 ለ2 ድምፅ አልተቀበላቸውም። ምክንያቱ የሚጨበጥ ነው፤ ማይክሮፊልም (ገጾች በትንንሹ ፎቶ የተነሱበት ፊልም) ላይ ጽሑፉ ከነገጹ፣ ከጎኑ ካለው ዜናና ማስታወቂያ ጋር ይታያል፣ ኤሌክትሮኒክ መዝገቡ ግን አንዷን ጽሑፍ ብቻዋን ነጥሎ ያወጣል። ስለዚህ ሌላ ፈቃድ ይፈልጋል ተባለ።

ጸሐፊዎቹ አሸነፉ፤ ድሉ ግን መራራ ነበር። አሳታሚዎች ከዚያ ወዲህ «መብቱን በሙሉ፣ በማናቸውም የመገናኛ ዘዴ፣ ለዘላለም» የሚል ውል ማስፈረም አበዙ። ዛሬ ዋሽንግተን ወይም ለንደን ሆኖ ለእንግሊዝኛ መጽሔት የሚጽፍ ሐበሻም ይኸው ወረቀት ይቀርብለታል።

ውሉ ላይ ምን መጻፍ አለበት?

ማኅተም ያለበት አሥር ገጽ ሰነድ አያስፈልግም። ሁለቱም ወገኖች የፈረሙበት አንድ ገጽ ይበቃል። መብትን ማስተላለፍና ፈቃድ መስጠትን ሕጉ በጽሑፍ ስለሚፈልገው በቃል «ተስማምተናል» ማለት ለሁለቱም አይጠቅምም። ዋናዋ ዓረፍተ ነገር እንዲህ ልትሆን ትችላለች፦ «ጸሐፊው መጽሔቱ ጽሑፉን በአማርኛ፣ በወረቀት ዕትም፣ ለአንድ ጊዜ እንዲያትም ፈቅዷል፤ ሥራው በትዕዛዝ የተሠራ ቢሆንም ሌሎች የኢኮኖሚ መብቶች በሙሉ የጸሐፊው ናቸው።» መጽሔቱ ድረ ገጽና የዩቲዩብ ቻናል ካለው ለእያንዳንዳቸው ለብቻ ዋጋ መነጋገር ይቻላል። ትርጉም፣ ትረካ፣ ድራማ፣ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማሠልጠኛ፤ ያልተጠቀሰው ሁሉ አልተሰጠም የምትል አንድ መስመር ብዙ ጭቅጭቅ ታስቀራለች።

የክፍያ ቀኑ «ሲታተም» ከሚባል «ጽሑፉ ተቀባይነት ባገኘ በ30 ቀን ውስጥ» ቢባል የተላለፈው እትም ጸሐፊውን አይጎዳም። አሜሪካ ውስጥ ታዝዞ ተጽፎ ሳይታተም ለሚቀር ሥራ ከሙሉ ክፍያው የተወሰነ ድርሻ፣ ብዙ ጊዜ 25 በመቶ፣ ይከፈላል። እኛ ጋ ብዙም አልተለመደም፤ መጠየቅ ግን ነውር የለውም። ስንት ጊዜ እርማት ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንደሚደረግም ይጻፍ፤ ሁለት ዙር ተገቢ ነው። አምስተኛው ዙር ላይ የሚታረመው ጽሑፉ ሳይሆን የአዘጋጁ ሐሳብ ነው።

ግብርም አለ። ድርጅት ለአገልግሎት ሲከፍል ተቀናሽ ግብር ይይዛል። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር የሌለው ሰው የሚያዝበት እጅግ ይከብዳል፤ በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት 30 በመቶ ነበር። «ከተስማማነው ላይ ቆረጡብኝ» የሚለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ መነሻው ይህ ነው። ውሉ ላይ ያለው ቁጥር ከግብር በፊት ይሁን በኋላ ተለይቶ ይጻፍ።

ሐሳቤን ቢወስዱብኝስ?

የቅጂ መብት ሐሳብን አይጠብቅም፤ የሚጠብቀው ሐሳቡ የተገለጸበትን መንገድ ነው። «ስለ ቡና ዋጋ ልጻፍላችሁ» ብሎ የላከ ሰው መጽሔቱ በሌላ ሰው ስለ ቡና ዋጋ ቢያጽፍ የሚከስበት ነገር የለውም። መከላከያው ሐሳቡን ከጸሐፊው የማይነጠል ማድረግ ነው። «አንድ ኪሎ ቡና ከጅማ ገበሬ እጅ ወጥቶ መርካቶ እስኪደርስ በስንት እጅ ያልፋል፣ በየእጁ ስንት ብር ይጨመርበታል? ሁለት አቅራቢዎችና አንድ ቡና ቆዪ መረጃቸውን ሊያሳዩኝ ተስማምተዋል። 1,500 ቃል፣ ከአራት ፎቶ ጋር፣ በሦስት ሳምንት አደርሳለሁ።» ይህን የሚሰርቅ ሰው አቅራቢዎቹንም መስረቅ ይኖርበታል። ለአዘጋጁም ጥያቄዎቹን ሁሉ ይመልሳል፤ ምን፣ ለምን አሁን፣ ከማን፣ ምን ያህል፣ መቼ። ሙሉውን ጽሑፍ አስቀድሞ መላክ ግን የመደራደሪያ አቅምን ያሳጣል።

ዩቲዩብስ ገንዘብ ያመጣል?

ያመጣል፣ ለአንዳንዱ። ከማስታወቂያ ገቢ ለመካፈል በረጃጅም ቪዲዮ የሚሠራ አንድ ቻናል 1,000 ተመዝጋቢና በ12 ወር ውስጥ 4,000 የዕይታ ሰዓት ያስፈልገዋል። 4,000 ሰዓት 240,000 ደቂቃ ነው፤ አንዱ ተመልካች በአማካይ 6 ደቂቃ ቢቆይ 40,000 ዕይታ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በረጃጅም ቪዲዮዎች ላይ ከሚገኘው የማስታወቂያ ገቢ 55 በመቶው ለባለ ቻናሉ ይደርሳል። አስነጋሪዎች አዲስ አበባ ላለ ተመልካች የሚከፍሉትና ቨርጂኒያ ላለው የሚከፍሉት እኩል አይደለም። ትረካ አቅራቢዎች በውጭ ያለውን ወገን በርትተው የሚፈልጉት በዚህ ምክንያት ነው።

የሰውን ጽሑፍ ሙሉውን ማንበብ «ማስተዋወቅ» አይደለም። ማባዛትና ለሕዝብ ማሰራጨት ስለሆነ ፈቃድ ይፈልጋል፤ «ምንጭ፦ ከመጽሔት የተወሰደ» ብሎ መጻፍ ፈቃድን አይተካም። ጸሐፊው መብቱን በእጁ ካቆየ ለዩቲዩብ ማመልከቻ አስገብቶ ቪዲዮውን ማስነሳት ወይም ከተራኪው ጋር ዋጋ መነጋገር ይችላል። ለመጽሔቱ ጠቅልሎ ከሸጠ ማመልከት ያለበት መጽሔቱ ነው፤ የተዘጋ መጽሔት ደግሞ ማመልከቻ አይጽፍም።

ሳይከፈል ቢቀርስ?

የኒውዮርክ ከተማ ከግንቦት 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 800 ዶላርና ከዚያ በላይ የሆነ የፍሪላንስ ሥራ በጽሑፍ ውል እንዲሠራ፣ ቀን ካልተቆረጠለት በ30 ቀን እንዲከፈል የሚያስገድድ ሕግ አላት። ከነሐሴ 2024 ወዲህ ተመሳሳይ ሕግ በመላው የኒውዮርክ ግዛት ይሠራል፤ እዚያ ላሉ ጸሐፊዎቻችን ይጠቅማል። በኢትዮጵያ ለፍሪላንስ ተብሎ የወጣ እንዲህ ያለ ሕግ ስለሌለ የሚኬደው በተራው የውል ሕግ ነው፤ እዚያ የሚያሸንፈው ማስረጃ ነው።

ማስረጃው የሚሰበሰበው ደግሞ ጠቡ ሳይመጣ ነው። ጽሑፉን በቴሌግራም ከመላክ በኢሜይል መላክ ይሻላል፤ የቴሌግራም መልእክት በአንድ ወገን ውሳኔ ከሁለቱም ስልክ ይጠፋል። አዘጋጁ በስልክ ያዘዘውን «ዛሬ በስልክ በተነጋገርነው መሠረት፣ ሦስት ገጽ፣ በዚህ ዋጋ፣ እስከዚህ ቀን» ብሎ በዚያው ቀን በኢሜይል ማስፈርና «ተስማምቻለሁ» የሚል መልስ መጠበቅ። ጽሑፉ ከወጣ ሽፋኑንና ገጹን ከነቀኑ ማስቀመጥ። አንድ ቅጂም ከአዟሪው በገንዘብ መግዛት፤ መጽሔቱ «በነፃ እንልክልሃለን» ያለው ቅጂ ብዙ ጊዜ አይደርስም፣ ከሦስት ወር በኋላ ሲፈለግ ደግሞ ተመላሹ ሁሉ ለአሮጌ ወረቀት ገዢ ተሸጧል።